ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በዊልቸር ወደ ሐይቅ ዳር ስለመሄድ፦ ለአንድ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «አባቴ የቡልጋ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከ70 አልፏል። ስትሮክ ካገኛቸው ወዲህ ግራ ጎናቸው ስለደከመ ከቤት የሚወጡት በዊልቸር ብቻ ነው። ‹ዛፍ በከበበው ሐይቅ ዳር ተቀምጬ አንድ ቀን ልዋል› ይላሉ። የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ዊልቸር የሚሄድበት መንገድ ያለው የደን ሐይቅ በአካባቢያችን ይገኛል ወይ? ካልተገኘስ የት ልውሰዳቸው? ምን ምንስ ላሰናዳ?»

ምላሽ፦

በመጀመሪያ አባትዎን እግዚአብሔር ይማርልን። እኔ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ስለሆንኩ ጥያቄዎን የምመልሰው እንደ አስጎብኚ ሳይሆን ከወንበሩና ከወንበሩ ላይ ከተቀመጡት ሰው አንጻር ነው።

በሰሜን ሸዋ ውስጥ ደኑም፣ ሐይቁም፣ ለዊልቸር የተደለደለው መንገድም በአንድነት የሚገኙበት ብዬ የምጠቁምዎ ቦታ የለኝም። ምክንያቱም የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ደጋው በጣርማ በርና በአንኮበር ጠርዝ ላይ ድንገት ተቆርጦ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ወደ ምዕራብ ደግሞ የበሬሳ ወንዝና መሰሎቹ ምድሩን እየሰነጠቁ ወደ ጀማ፣ ከጀማም ወደ ዓባይ ይገባሉ። አገሩ ውኃ የሚንደረደርበት እንጂ የሚተኛበት አይደለም። ደኑን በተመለከተ ወፍ ዋሻ አለን። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ የመናገሻ ሱባን ደን ያስተከሉት ከዚሁ በተወሰደ የጥድ ዘር እንደሆነ ይነገራል፤ ዝግባው፣ ኮሶውና ወይራውም ገና አለ። ነገር ግን ደኑ የቆመው በገደሉ ፊት ላይ ነው፤ በውስጡ ያሉት መንገዶችም የእግረኛና የከብት ጥርጊያ በመሆናቸው ሥር፣ ድንጋይና የወደቀ ግንድ የበዛባቸው ናቸው። በዚያ መንገድ ዊልቸር አይገፋም። «ወጣቶች ተሸክመው ያስገቧቸዋል» የሚል ምክር ከሰጡዎት አይቀበሉ፤ ስትሮክ ያደከመው ትከሻ ጡንቻው ስለላላ በብብት ተይዞ ሲነሣ በቀላሉ ከቦታው ይንሸራተታል፤ ከዚያ የሚመጣው ሕመም ለወራት የሚቆይ ነው።

ስለዚህ ፊታችንን ከዞኑ ውጭ ወዳሉት ሐይቆች እናዙር። እዚህ ላይ የሐይቁን ውበት ከማየት በፊት አፈጣጠሩን ማወቅ ይጠቅማል። በደጋው አገራችን በደን የተከበቡት ሐይቆች አብዛኞቹ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተጠራቀሙ ናቸው፤ ውኃው በድስት ውስጥ እንዳለ ወጥ ከታች ነው፣ መኪናው የሚቆመው ግን ከከንፈሩ ላይ ነው። በተቃራኒው በሸለቆ ወለል ላይ የተኛ ወይም ሰው ገድቦ የሠራው ሐይቅ ብዙውን ጊዜ ቢያንስ በአንድ በኩል ከመሬቱ ጋር እኩል የሆነ ዳርቻ ይኖረዋል። በዊልቸር ለሚሄድ ሰው ይህ ልዩነት ከሌላው ሁሉ ይበልጣል።

ለምሳሌ በኮሎራዶ፣ በሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የሚገኘውን ስፕራግ ሐይቅ እንመልከት። ከፍታው 2,650 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከደብረ ብርሃን ጥቂት ብቻ ዝቅ ይላል፤ ዙሪያውን ጥድ መሰል ዛፎች ከበውታል። የተፈጠረው አብነር ስፕራግ የተባለ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት እንግዶቹ ዓሣ እንዲያጠምዱበት ወራጅ ውኃ ገድቦ ነው። በሸለቆ ወለል ላይ ስለተኛ ዙሪያውን የሚሄደው መንገድ ሜዳማ ነው፤ ጠጠሩ ተጠቅጥቆ ጠንክሯል፣ ረግረጉ ላይ የእንጨት ድልድይ ተዘርግቷል፣ በየመሐሉም መቀመጫ አለ። ዊልቸር ዞሮት ይመጣል። ይህን የጠቀስኩት እንዲቀኑ ሳይሆን ተመሳሳይ ነገር ለመሥራት ከፍታውም ብርዱም እንቅፋት እንደማይሆን፣ የሚያስፈልገው የቦታ ምርጫና የመንገድ አሠራር እንደሆነ ለማሳየት ነው።

አሁን ወደ እኛዎቹ እንምጣ። ወንጪ በብዙ ሰው አፍ አለ፤ በ2021 እ.ኤ.አ. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መርጦታል፤ ከዚያም በኋላ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት መንገድና ማረፊያ ተሠርቶለታል። ሆኖም የተራራው ጫፍ 3,386 ሜትር ነው፤ ሐይቁም በዚያ ጎድጓዳ ውስጥ በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ዝቅ ብሎ ይገኛል። ቁልቁለቱን በመኪና መውረድ ከተቻለ ብቻ ይሂዱ፤ በፈረስ ማውረድ ለአባትዎ አይሆንም፤ ወደ ቂርቆስ ደሴት በጀልባ መሻገሩንም አልመክርም። በአዊ በኩል እንጅባራ አጠገብ ያለው ዘንገና ከአስፋልቱ ብዙ የማይርቅ እውነተኛ የደን ሐይቅ ነው፤ ግን እሱም የእሳተ ገሞራ አፍ ነው፣ ከእናንተ ዘንድ ደግሞ በአዲስ አበባ ዞሮ መሄድ ስለሚጠይቅ ለመጀመሪያ ጉዞ ይረዝማል።

የሚቀሩት ሁለቱ ናቸው፤ ቢሾፍቱና ከደሴ በስተ ሰሜን ያለው፣ ስሙም «ሐይቅ» የሆነው ሐይቅ። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች ከደብረ ብርሃን ያለው ጉዞ በአጠቃላይ ወደ 175 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ሁሉም አስፋልት ነው። ሐይቆቿም የእሳተ ገሞራ ናቸው፤ ስለዚህ በዳርቻው ያሉት መዝናኛዎች ብዙዎቹ በደረጃ የሚወርዱ ናቸው። ነገር ግን ከተማ ስለሆነች ምርጫ አለ፤ መኪና እስከ ታች የሚያስገባ በር ያላቸውን ወይም ምግብ ቤታቸው ከላይ ሆኖ ሐይቁን ፊት ለፊት የሚያሳየውን በስልክ ጠይቆ መለየት ይቻላል። ከመስቀል በኋላ ባለው ሰሞን በሆራ ኢሬቻ ስለሚከበር ሕዝቡ እጅግ ይበዛል፤ ያን ጊዜ ይለፉት።

ሐይቅ ግን ለአባትዎ የተለየ ትርጉም ሊኖረው ይችላል ብዬ እገምታለሁ። የቡልጋው ተወላጅ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ሥር የተማሩትና ዓመታት የኖሩት በሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። ሐይቁ የእሳተ ገሞራ አፍ ባለመሆኑ ከከተማዋ በኩል ያለው ዳርቻ ከወንጪ ጋር የማይወዳደር ልስላሴ አለው፤ ገዳሙ ያለበት ምድርም ወደ ውኃው የገባ ልሳን በመሆኑ ዛፉ በቤተ ክርስቲያን ጥላ ተጠብቆ ኖሯል። የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴቶች አይገቡም፤ ጠያቂዬ ሴት ከሆኑ ወይም እናትዎ አብረው የሚሄዱ ከሆነ፣ አባትዎን የሚገፋ ወንድ ዘመድ ይዛችሁ መሄድ ይኖርባችኋል። ኅዳር 26 የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ በዓል ነው፤ ለመሳለም ከሆነ መልካም፣ ጸጥታ ፈልገው ከሆነ ግን ሌላ ቀን ይምረጡ።

የሐይቅ ችግር ርቀቱ ነው። ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሐይቅ ከተማ ደግሞ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ይቀራታል። ከደብረ ብርሃን ሲነሡ ወደ 300 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። በዚያ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው የጣርማ በር ብርድ ተነሥቶ በደብረ ሲና ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ይወረዳል፤ ከዚያም በኮምቦልቻ በኩል እንደገና ወደ ደሴ ይወጣል። ስለዚህ በኮምቦልቻ ወይም በደሴ ማደር ግድ ነው። የእኔ ምክር ቅድሚያውን ለቢሾፍቱ እንዲሰጡ፣ በዚያ ጉዞ አባትዎ ስንት ሰዓት በመኪና መቀመጥ እንደሚችሉ ካወቁ በኋላ ሐይቅን እንዲያስቡ ነው። ከሁለቱም በፊት አንድ ጠዋት እስከ ጣርማ በር ወስደዋቸው ከመኪናው ሳይወርዱ ገደሉንና ጭላዳዎቹን ቢያሳዩአቸው ጥሩ መለማመጃ ይሆናል። የትኛውንም ቢመርጡ መንገዱ ሰላም መሆኑን በዚያው ሰሞን ከሚመላለሱ አሽከርካሪዎች ይጠይቁ።

ቦታው ከታወቀ በኋላ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአጠያየቁ ነው። ወደ ሎጁ ደውሎ «ለዊልቸር ይመቻል?» ቢሉት ተቀባዩ በቅን ልብ «አዎ፣ ልጆቹ ያግዙዎታል» ይላል። መልሱ ውሸት አይደለም፤ ግን ምንም አይነግርዎትም። መጠየቅ ያለበት በቁጥር ነው። የአሜሪካ የደን አገልግሎት ለእንዲህ ዓይነት መንገዶች ባወጣው መመሪያ በመንገዱ መግቢያ ላይ የርዝመቱ፣ የስፋቱ፣ የዳገቱና የመሬቱ ዓይነት ልክ እንዲለጠፍ ያዛል፤ «ምቹ ነው» ከማለት ይልቅ ልኩ ተነግሮት ሰውየው ራሱ እንዲወስን ማለት ነው። ያ መመሪያ የሚፈቅደው ዳገት 5 በመቶ ከሆነ ርዝመቱ አይገደብም፤ 8 በመቶ ገደማ ከደረሰ ከ61 ሜትር በላይ ሳይቀጥል ማረፊያ ሊኖረው ይገባል፤ 10 በመቶ ከሆነ ከ9 ሜትር አያልፍም። ስፋቱ ቢያንስ 91 ሴንቲ ሜትር፣ በእንጨት ርብራቡ መካከል ያለው ክፍተትም ከ13 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ መሆን አለበት፤ ከዚያ ከሰፋ የፊቷ ትንሽ ጎማ ትገባለች።

ዳገቱን ለመለካት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ልኩ 1 ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ጣውላና የግንበኛ ውኃ ልክ ይበቃል። ጣውላውን በዳገቱ አቅጣጫ መሬት ላይ አጋድመው፣ ወደ ታች ያለውን ጫፍ ውኃው እስኪስተካከል ድረስ ያንሡ፤ ከጣውላው ጫፍ እስከ መሬት ያለው ክፍተት በሴንቲ ሜትር ስንት እንደሆነ ይለኩ። 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ዳገቱ 5 በመቶ ነው። ቀድሞ የሚሄድ ዘመድ ካለ ይህንኑ አድርጎ ይደውልልዎ። ቁጥሩ በክንድ ላይ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ላስረዳ፦ አባትዎና ወንበሩ አንድ ላይ 95 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ በ5 በመቶ ዳገት የሚገፋው ሰው 5 ኪሎ ገደማ፣ በ8 በመቶ ወደ 8 ኪሎ፣ በ20 በመቶ ደግሞ 19 ኪሎ ያህል ሳያቋርጥ ተሸክሞ እንደመሄድ ነው፤ ይህም መሬቱ ለስላሳና ጠንካራ ከሆነ ብቻ ነው። በኮረኮንች ወይም በአሸዋ ላይ ሸክሙ ከዚያ በብዙ ይጨምራል።

ከዳገቱ ይልቅ የሚዘነጋው የጎን ዘንበል ነው። መንገዱ ወደ ሐይቁ በኩል ጥቂት እንኳ ካዘነበለ ወንበሩ ያለማቋረጥ ወደ ውኃው ይጎተታል፤ የሚገፋው ሰው ወገቡን ጠምዝዞ መታገል ይኖርበታል። ግራ ጎናቸው የደከመ ሰው ደግሞ ሰውነታቸው ራሱ ወደዚያ ስለሚያዘነብል፣ ሐይቁ በግራ ሲሆን አደጋው ይብሳል። ስለዚህ ዳርቻውን ሲሄዱ ውኃው በቀኛቸው እንዲሆን አድርገው ይጀምሩ። አንዳንድ የስትሮክ ሕሙማን በደካማው ወገን ያለውን ነገር ልብ ስለማይሉ፣ ሐይቁ በቀኝ ሲሆን ለማየትም ይቀላቸዋል። ሲመለሱ ጎኑ ይገለበጣልና በዚያን ጊዜ አንድ ሰው በግራ በኩል አብሮ ይሂድ።

ወቅቱን ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር ቢያደርጉት እመርጣለሁ። የክረምቱ ጭቃ ደርቋል፣ አረንጓዴውም ገና አልጠፋም። ዋልካ መሬት እርጥብ ከሆነ በጎማው ላይ እየተጠመጠመ ወንበሩን ጨርሶ ያቆመዋል፤ በቀደመው ሌሊት ዘንቦ እንደሆነ ዳርቻውን ትተው በአስፋልቱ ወይም በሲሚንቶው ላይ ይወሰኑ።

ወንበሩን በተመለከተ፣ በየሆስፒታሉ የምናየው ዓይነት ዊልቸር የተሠራው ለለሰለሰ ወለል ነው። ደካማ ጎኑ የፊት ትንንሾቹ ጎማዎች ናቸው፤ ጠጠር ወይም የኮብልስቶን ስንጥቅ ሲያገኙ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ የተቀመጠው ሰውም ወደ ፊት ይወረወራል። ስለዚህ ቀበቶ ይታሰር፤ በሸካራ ቦታ ላይ ወንበሩን ወደ ኋላ ጋደም አድርጎ የፊቶቹን ጎማዎች ከመሬት በማንሣት በኋላዎቹ ብቻ መግፋት ነው። ቁልቁለት ላይ ወንበሩን አዙረው የሚገፋው ሰው ከታች ሆኖ ወደ ኋላ እየተራመደ ያውርዳቸው። ፍሬኑ ወንበሩን ቆሞ ለመያዝ እንጂ ሲሄድ ለማዘግየት አልተሠራም። ዳገት ላይ ጠንካራ ገመድ በወንበሩ የፊት ብረት ላይ ከግራና ከቀኝ አስሮ ሁለተኛ ሰው ከፊት ቢስብ ሸክሙ በግማሽ ይቀላል። ጎማው በአየር የሚሠራ ከሆነ አንድ ቀን ቀደም ብለው ጎሚስታ ዘንድ ወስደው ያስሞሉት። የእግር ማስቀመጫውንም ይመልከቱ፤ ስሜት የቀነሰበት ግራ እግር ከማስቀመጫው ወርዶ ሲጎተት አባትዎ ላያውቁት ይችላሉ፤ በጨርቅ ልል አድርጎ ማሰሩ ይረዳል። ግራ እጃቸው ደግሞ በጭናቸው ላይ በተደረገ ትራስ ይደገፍ እንጂ በጎን አይንጠልጠል።

መቀመጫው ላይ ጋቢ አጣጥፎ ማንጠፍ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን አልደግፈውም፤ በጉዞ ላይ ይጨማደድና ጭምዳጁ ቆዳውን ይልጠዋል። ወፍራም ስፖንጅ ይሻላል፣ ጋቢው ለትከሻቸው ይሁን። በየግማሽ ሰዓቱ ወደ ፊት ወይም ወደ ቀኝ እንዲያዘነብሉ እየረዱ ለሁለት ደቂቃ ያህል ከመቀመጫቸው ላይ ክብደቱን ያሳርፉላቸው፤ ማታም መቀመጫቸውንና ተረከዛቸውን አይተው፣ ተጭነው ሲለቁት የማይጠፋ ቅላት ወይም ጥቁረት ካገኙ በነጋታው አያስቀምጧቸው።

ለመኪና ከፍ ካለው ላንድክሩዘር ይልቅ ዝቅ ያለች የቤት መኪና ትመረጣለች። ከሾፌሩ አጠገብ ያለው ወንበር በሩ ሰፊ፣ የእግር ቦታውም ከኋላው ስለሚበልጥ እሱን ይምረጡ፤ ነገር ግን በዚያ በር ሲገቡ የሚዞሩት ወደ ደካማው ግራ ጎናቸው ነው፣ ሲወጡ ግን ወደ ጠንካራው ቀኝ። ስለዚህ ከረዳቶቹ ጉልበት ያለው ሲገቡ ይቁም፤ ሲወጡ፣ ደክሟቸው ሳለም፣ በራሳቸው ቀኝ እጅና እግር ብዙውን ይሠሩታል። የሚይዟቸውም በወገባቸው ቀበቶ እንጂ በግራ ክንዳቸው አይሁን።

ጉዞውን በአብዛኛው የሚያበላሸው ግን መጸዳጃ ቤት ነው። ሽማግሌዎች በመንገድ ላይ እንዳያስቸግሩ ብለው ውኃ መጠጣት ያቆማሉ፤ ያ ደግሞ ለስትሮክ ሕመምተኛ ጎጂ ነው። የደም ግፊት መድኃኒታቸው ሽንት የሚያበዛ ከሆነ ሰዓቱን ስለመለወጥ ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ በራስዎ አያስቀሩት። የሚያድሩበትን ሆቴል ሲጠይቁ የመታጠቢያ ቤቱን በር ስፋት በሜትር አስለክተው ይንገሩዎት፤ የተለመደው ዊልቸር ወደ 65 ሴንቲ ሜትር ስለሚሰፋ 80 ሴንቲ ሜትር በር ያስገባል፣ 60 አያስገባም። የአገራችን የሕንፃ ሕግ ለሕዝብ አገልግሎት የሚውሉ ሕንፃዎች የአካል ጉዳተኞች መግቢያና በቂ መጸዳጃ እንዲኖራቸው ያዛል፤ ለባለ ሆቴሉ በትሕትና ማስታወሱ ነውር የለውም። በመንገድ ላይ የሚያገኟቸው ግን ወለሉ ላይ ቀዳዳ ያላቸው ሽንት ቤቶች ይሆናሉ። ለዚህ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጠንካራ የፕላስቲክ ወንበር ገዝተው መቀመጫውን ከመሐል ያስቆርጡና ጠርዙን ያስሞርዱ፣ ከቀዳዳው በላይ ይቀመጥ። ፖፖ፣ መጋረጃ የሚሆን ነጠላ፣ ትርፍ ሱሪና ውኃ በጄሪካን ከሾፌሩ ጀርባ ይሁን እንጂ ከዕቃ ሁሉ በታች አይቀበር።

ከመነሣትዎ በፊት የደም ግፊታቸውን ያስለኩ፤ መድኃኒቱን ለሁለት ተጨማሪ ቀን የሚበቃ ይያዙ። ውኃ ወይም ሻይ ሲጠጡ የሚያስላቸው ከሆነ መኪናው እየሄደ ምንም አያቅምሷቸው፤ ቆመው፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ይጠጡ። በመንገድ ላይ ፊታቸው በአንድ ወገን ቢጣመም፣ ንግግራቸው ቢተሳሰር ወይም እስካሁን ደህና የነበረው ቀኝ እጅ ቢዝል፣ «ድካም ነው» ብለው ሳይጠብቁ በአቅራቢያው ወዳለው ሆስፒታል ያምሩ፤ በሐይቅ መስመር ደብረ ብርሃንና ደሴ ትልልቅ ሆስፒታሎች አሏቸው።

አሁን የወንበሩን ጠቅላላ ስፋት፣ የአባትዎን ክብደትና ያለ ድካም ስንት ሰዓት ተቀምጠው እንደሚቆዩ ቢጽፉልኝ፣ ጉዞው በአንድ ቀን የሚሆን ወይም ማደር የሚጠይቅ መሆኑን ለይቼ እመልስልዎታለሁ።